የትራስ ልብሱን የቀየርኩበት ማለዳ

ወንድሜ የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በስድስተኛው ቀን ማለዳ ትራሱን ርሶ አገኘሁት። ትራሱን ከቤት ያመጣሁለት እኔ ነኝ፤ ልብሱ ሰማያዊና ቀይ አበባ የሞላበት፣ እናታችን በሕይወት ሳለች የገዛችው ነው። ከጆሮው ጀርባ፣ ፋሻው ከሚያልቅበት ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ርጥብ ነበር። ሽታ የለውም፣ ደምም አይመስልም፤ ከአበቦቹ መካከል ርጥበቱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እንኳ በውል አይለይም። በልቤ «ላብ ነው» አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሕሙማንና ስምንት አስታማሚዎች ነበርን፤ ሌሊቱም ሞቆ አድሯል። ልብሱን ገፍፌ ሌላ አለበስኩት፤ ያንን በኦሞ አጥቤ መስኮቱ ላይ አሰጣሁት። ለነርሷ አልነገርኳትም። ያን ሁሉ አልጋ ይዛ ወዲያና ወዲህ ስትሮጥ እያየሁ በላብ ነገር ላስቸግራት አልፈለግሁም።

በስምንተኛው ቀን ማታ ራሱን ክፉኛ ያመው ጀመር። ሲነጋጋ ትኩሳቱ 39 ገባ፤ አገጩን ወደ ደረቱ ማስጠጋት አቃተው። ከጀርባው ፈሳሽ ሲቀዳ እጁን ይዤ ነበርና ብልቃጧ ውስጥ የገባውን በዓይኔ አየሁት፤ የሩዝ እጣቢ ይመስላል። በጤናማ ሰው እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ መሆን እንደነበረበት፣ ያ ድፍርስም የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን ምልክት እንደሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በአሥር ቀን ያበቃል የተባልነው የሆስፒታል ቆይታ ሃምሳ አራት ቀን ሆነ፤ የቤተሰባችንም ኑሮ በፊትና በኋላ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ።

ወንድሜ ዛሬ በሕይወት አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይሁን እንጂ ያ የትራስ ልብስ እስከ አሁን ከሐሳቤ አልወጣም።

ሦስት ገጽና ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ

ሙያዬ ሒሳብ ሥራ ነው፤ ስጨነቅ እጄ ወደ ደብተር ይሄዳል። ወንድሜ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎለት ከመጣበት ቀን ጀምሮ ያወጣነውን ሁሉ ባለ አራት ማዕዘን መስመር በሆነ የተማሪ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊትና እስከ ስምንተኛው ቀን ያለው ሦስት ገጽ ነው። የአውቶቡስ፣ በግል ማዕከል የተነሣው ኤምአርአይ፣ የተጨማሪ ምግብ፣ የባለቤቱ ማደሪያ። ከእነዚህ መካከል «ምላጭና ጸጉር ቆራጭ» የምትል አንዲት መስመር አለች፤ በዋዜማው ራሱን አስላጩት ተብለን ያስላጨንበት ነው። ከስምንተኛው ቀን በኋላ ያለው ደግሞ ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ ሞልቶ በሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ ያልቃል።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ፣ ይኸውም የአንድን ሰው የራስ ቅል ከፍቶ የዓይኑን ነርቭ የተጫነ ዕጢ ማውጣት የሚያህል ረቂቅ ሥራ፣ በሦስቱ ገጽ ውስጥ አለ። ዐሥራ ዘጠኙን ገጽ የሞላው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ደብተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያገላበጥኩ ዕለት ይህን አይቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

የብር ድምሩን እዚህ አልጽፈውም። መድኃኒቶቹ ከውጭ በዶላር የሚገቡ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም፤ ይህን በምታነቡበት ቀንም ቁጥሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ዋጋው በማይዋዥቅ ነገር ልቁጠር፤ በብልቃጥ፣ በቀንና በበሬ።

«ውጪ ግዙ»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የታዘዙት መድኃኒቶች ከሆስፒታሉ መደብር ተገኝተው ነበር። ተሕዋሱን አሳድጎ የሚለየው የካልቸር ምርመራ ውጤት ሲመጣ ግን ተሕዋሱ እነርሱን የተለማመደ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረው ሜሮፔነም የተባለ ጠንካራ አንቲባዮቲክ ነው ተባለ። ለአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን የሚሰጠው ሜሮፔነም መጠኑ ከፍ ያለ ነው፤ ለአዋቂ ሰው በየስምንት ሰዓቱ ሁለት ግራም። አንዱ ብልቃጥ አንድ ግራም ነውና በቀን 6 ብልቃጥ መሆኑ ነው። ሐኪሞቹ 21 ቀን አሉ። በሐኪም ማዘዣው ጀርባ ላይ ቆሜ አባዛሁት፤ 126 ብልቃጥ። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።

ማዘዣውን የሰጠችኝ ነርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይህ እኛ ጋ የለም፤ ውጪ ግዙ» አለችኝ። «ውጪ ግዙ» የምትለዋን ቃል በአገራችን ሆስፒታል ያስታመመ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ከነማ ፋርማሲ ሰልፍ ይዤ ሦስት ብልቃጥ ብቻ አገኘሁ፤ የቀረውን በፒያሳ፣ በመርካቶና በቦሌ ያሉ የግል ፋርማሲዎችን እየዞርኩ ለቀምኩ። አንዱ ጋ ያለው ዋጋ ሌላው ጋ ካለው በግማሽ የሚበልጥበት ቀን ነበር፤ ቢሆንም የሌሊቱ ስምንት ሰዓት መርፌ እንዳያልፈው ስለምንፈራ ተከራክረን አናውቅም።

ወንድሜ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ይህ መድኅን ለገበሬው ያመጣለትን እፎይታ አልክድም፤ የአልጋውን፣ የቀዶ ሕክምናውንና እዚያው የተሠሩትን ምርመራዎች ያለ እርሱ ካርድ ባልቻልነውም ነበር። ሆኖም ለእኛ ካርዱ የሸፈነልን በግቢው ውስጥ የነበረውን ነገር ነው። መድኃኒቱ መደብሩ ውስጥ ከሌለ ካርዱ ያለው ሰውና ካርድ የሌለው ሰው በአንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ።

በሜሮፔነሙ በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው በሬ ተሸጠ። አንደኛው ለኤምአርአዩና ለጉዞው ሄዷል፤ ሁለተኛው ሲሄድ ጥማዱ አለቀ። ወንድሜ ግንቦት 6 ቀን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ለሰኔ እርሻ እደርሳለሁ በሚል ተስፋ ነበር። ሰኔን በሙሉ አልጋ ላይ አሳለፈው። በሬም ጉልበትም የሌለው ገበሬ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ መሬቱን ለእኩል ሰጠ። ስለዚህ በግንቦት የገባው ኢንፌክሽን የጥር ወር ጤፍን እኩሌታ ወሰደ፤ በሬ መግዣ የሚሆን ትርፍ ስላልተገኘም ለሚቀጥለው ዓመት ክረምት ደግሞ ተሻገረ። እኔ በበኩሌ የዕቁብ ተራ ከአንዲት ሴት ጋር ተለዋውጬ አስቀድሜ ወሰድኩ፤ እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው። ወጪው ተከፍሎ የሚያልቅ ደረሰኝ ሳይሆን ከክረምት ወደ ክረምት የሚሸጋገር ነገር መሆኑን የገባኝ በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ ሰሞን የማልረሳት አንዲት ሴት አለች። ከእኛ አልጋ ሁለት አልጋ ርቃ ባሏን ታስታምም ነበር፤ እርሱም እንደ ወንድሜ ሜሮፔነም ላይ ነበር። አንድ ቀን ሌሊት ዐረፈ። ማለዳ ላይ ዕቃዋን ሸክፋ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ ወደ እኛ መጣችና በጥቁር ፌስታል የተቋጠረ ነገር እጄ ላይ አኖረች። አራት ብልቃጥ ነበር። «ለእሱ አልሆነም፤ ለእናንተ ይሁን» አለችኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ከደብተሩ ላይ በዚያ ቀን መስመር «4 ብልቃጥ» ብዬ ጽፌ የዋጋውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

«እህቴ፣ ትራሱ ርሶ ያውቃል?»

ወደ ትራሱ ልመለስ። ከጀርባው ፈሳሽ በተቀዳበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ወጣት ሬዚደንት፣ ማለትም ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥን ሐኪም፣ ቁስሉን ሊያይ መጣ። ፋሻውን ፈትቶ፣ ስፌቱን በጓንቱ ጫፍ ዳር ዳሩን ነካ ነካ አድርጎ፣ ቀና ሳይል «እህቴ፣ ትራሱ ርሶ ያውቃል?» ሲል ጠየቀኝ።

ያቺን ጊዜ እንዴት ልንገራችሁ። ስለ መስኮቱ፣ ስለ ኦሞው፣ ስለ አበባዎቹ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። አላየሁም ልል አስቤ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ግን በሽታው ምን እንደሚመስል ሳላውቅ ነው የደበቅሁት። «አዎ፣ ከሦስት ቀን በፊት፤ ላብ መስሎኝ ነበር» አልኩት። ዝም አለ። አልተቆጣም። ጓንቱን አውልቆ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ያስረዳኝ ጀመር፤ የሰው አንጎል በውኃ ውስጥ እንደሚንሳፈፍ፣ ያንን ውኃ የያዘውን ሽፋን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መልሰው እንደሚሰፉት፣ አንዳንድ ጊዜ ስፌቱ ውኃ እንደሚያሾልክ፣ ውኃው የሚወጣበት ቀዳዳ ተሕዋስ የሚገባበት በር እንደሆነም ነገረኝ። ነጭ ጨርቅ ላይ ከደም ጋር ተቀላቅሎ ከፈሰሰ ደሙ መሐል ላይ ይቀርና ውኃው ዙሪያውን ደብዘዝ ያለ ቀለበት ይሠራል አለኝ። አስቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ምን ይደረግ እንደነበር ጠየቅሁት። ቁስሉን በተጨማሪ ስፌት ማጥበቅ፣ ራሱን ከፍ አድርጎ ማስተኛት፣ ካስፈለገም ውኃውን ለጥቂት ቀን ከወገብ በቀጭን ቱቦ መቀነስ። «ምናልባት» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ተጠቀመ። ሲነሣም «የኢንፌክሽን ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ በራስዎ ላይ አይፍረዱ» አለኝ።

ቃሉን አምኜዋለሁ። በራሴ ላይ መፍረዱን ግን ለብዙ ወራት አልተውኩም፤ ከዚያ ግን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ማየት ጀመርኩ። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ነበርኩ? ወንድሜን የማጥበው እኔ ነኝ። ጎኑ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ የማገላብጠው እኔና ባለቤቱ ነን። ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ፣ የደም መጠየቂያውን ወደ ደም ባንክ ይዤ የምሮጠው፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርሷን የምጠራው፣ መድኃኒት የምገዛው እኔ ነኝ። በአገራችን የመንግሥት ሆስፒታሎች አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ እንዴት እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። አስታማሚው ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም። እንደ ሠራተኛ ስለማይቆጠር ምን መጠበቅ፣ ምን ማየት እንዳለበት የሚያስተምረው የለም፤ እንደ ከፋይም ስለማይቆጠር ከኪሱ የወጣውን የሚደምርለት የለም። የሚገዛ ዕቃ ዝርዝር በተደጋጋሚ ተሰጥቶኛል። «ትራሱ ከራሰ፣ አፉ ውስጥ ጨው ጨው የሚል ውኃ ከወረደ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ቶሎ ንገሩን» የሚል ወረቀት ግን አልተሰጠኝም። አንዲት ነርስ አምስት ደቂቃ ብታገኝ ኖሮ ትነግረኝ እንደነበር አልጠራጠርም፤ አምስት ደቂቃ አልነበራትም።

በእኔ እምነት የኢንፌክሽኑ ወጪ የማይታየውና ኢንፌክሽኑ ራሱ ሳይታይ ያለፈው በአንድ ምክንያት ነው። ሁለቱም ያለፉት በአስታማሚው እጅ ነው።

የሚዛኑ ባዶ ወገን

ወንድሜ ከወጣ በኋላ ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መረጃ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ሰዎች 11 በመቶ ያህሉ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በዚያው ዓመት የወጣው መመሪያው ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በፊት ጸጉርን በምላጭ መላጨትን አጥብቆ ይከለክላል፤ ምላጭ በቆዳ ላይ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋልና። ጸጉሩ የግድ መነሣት ካለበት በመቁረጫ ማሽን ይከርከም ይላል። «ምላጭና ጸጉር ቆራጭ» ወደምትለዋ መስመር ተመልሼ ጣቴን አሳረፍኩባት። ያ ምላጭ ነው ያመጣው ማለቴ አይደለም፤ ማንም እንዲህ ሊል አይችልም። ሁለታችንም፣ አስላጩት ያለንም እኔም፣ ያላወቅነው ነገር ግን ከዓመታት በፊት ተጽፎ ነበር።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ያወጣውን ዘገባ አነበብኩ። በዓለም ላይ በየዓመቱ 33 ሚሊዮን ሰዎች ለቀዶ ሕክምናና ለማደንዘዣ በሚከፍሉት ምክንያት ለከፋ የኑሮ ቀውስ ይዳረጋሉ ይላል። ይበልጥ የያዘኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ለመጓጓዣ፣ ለማደሪያና ለምግብ የሚወጣው ሲታከል ሌሎች 48 ሚሊዮን ሰዎች ይጨመራሉ። ከሕክምናው ሒሳብ ይልቅ በዙሪያው ያለው ወጪ ብዙ ሰው ይጥላል ማለት ነው። የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ ይህ ቁጥር ወዲያው ደብተሬን አስታወሰኝ። የእኔን ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ የሆስፒታሉ ሒሳብ ክፍል አያውቀውም። በእርሱ መዝገብ ወንድሜ ጥቂት ደረሰኝ ያለው፣ መድኅን የሸፈነው ሕመምተኛ ነው። የገዛናቸው ብልቃጦች በከተማው ባሉ ፋርማሲዎች ደረሰኞች ተበትነዋል፤ በሬዎቹ በገበያ ቀን ተሸጠዋል፤ የእኔ ያለ ደመወዝ የወሰድኩት ፈቃድ በመሥሪያ ቤቴ ፋይል ውስጥ ነው።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? ወጪ የሚቀነሰው ሲታይ ነውና። አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለእጅ ማጽጃ አልኮል፣ ለማምከኛ ማሽን መለዋወጫ፣ በየክፍሉ ለሚቆም አንድ ተጨማሪ ነርስ በጀት ሲጠየቅ በሚዛኑ አንድ ወገን ያ ወጪ ጎልቶ ይቀመጣል። በሌላው ወገን መቀመጥ የነበረበት ኢንፌክሽኑ የሚያስከፍለው ነው፤ እርሱን ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ ሚዛኑ ላይ የለም። ባዶ ወገን ያለው ሚዛን ሁልጊዜ ወደ አንድ በኩል ያጋድላል። ኃላፊው ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም።

እጅ ማጽጃውን እንኳ ብንወስድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በየአገሩ እንዲዘጋጅ ብሎ ያወጣው አሠራር ኢታኖል፣ ጥቂት ግሊሰሪንና ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ኢታኖሉን የእኛዎቹ ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሸንኮራ ተረፈ ምርት ያወጡታል። ከአንድ ብልቃጥ ሜሮፔነም ዋጋ ጋር ሲተያይ የሚቆጠር አይደለም። ወንድሜ በተኛበት ክፍል በር ላይ የተሰቀለው የሳኒታይዘር ዕቃ ግን እዚያ በቆየሁባቸው ብዙ ቀናት ባዶ ነበር፤ ስገባና ስወጣ ከልማድ ብዛት እጫነው ነበር፤ አየር ብቻ ይተነፍሳል።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን አባባል ሁላችንም ስናድግ ሰምተነዋል። ቅጠሉ በእጃችን እንዳለ በአገራችን ተሞክሮ ታይቷል። ላይፍቦክስ የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከሐኪሞቹና ከነርሶቹ ጋር ሆኖ የሠራው፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሥራ አለ። አዲስ መሣሪያ አላመጡም። እጅና ቆዳ በአግባቡ መጽዳቱን፣ ጋዋኑና መሸፈኛ ጨርቁ ቀዳዳ የሌለው መሆኑን፣ መሣሪያው በእርግጥ መምከኑን፣ የመከላከያው አንቲባዮቲክ በሰዓቱ መሰጠቱን፣ ደም መጥረጊያው ጎዝ መቆጠሩን፣ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝሩ መነበቡን ተከታተሉ። የቁስል ኢንፌክሽን በ35 በመቶ ቀነሰ። ይህን ያነበብኩ ዕለት መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎም ተናደድኩ፤ የሚቻል ነገር መሆኑን ማወቅ ከማይቻል ነገር ይልቅ ያማል።

ርካሽ ነገር ሲገዛም ኢንፌክሽኑ አብሮ ካልታሰበ ዋጋው ርካሽ ሆኖ አይቀርም። ከነማ ፋርማሲ ሰልፍ ላይ ያገኘኋት እናት ይህን አስተምራኛለች። ልጇ በጭንቅላቱ ውስጥ ውኃ ይጠራቀምበታል፤ ወደ ሆዱ የሚያፈስስ ሻንት የተባለ ቀጭን ቱቦ ተደርጎለት ነበር፤ ቱቦው ተመረዘ። ወጥቶ ውኃው ለጊዜው ወደ ውጭ እንዲፈስስ ተደርጎ፣ አንቲባዮቲኩ ካበቃ በኋላ እንደገና አዲስ ቱቦ ይገባል። ሦስት ቀዶ ሕክምና በአንድ ፋንታ ማለት ነው። በዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ዋጋው በብዙ እጥፍ ርካሽ የሆነው ሕንድ ሠራሽ ሻንት ውድ ከሆነው ጋር በውጤት እንደማይለይ አሳይቶ ለድሃ አገር ልጆች ትልቅ በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ሰፊ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ አንቲባዮቲክ የተነከረ ቱቦ መጠቀም የሻንት ኢንፌክሽንን ከ6 በመቶ ወደ 2 በመቶ እንደሚያወርድ አረጋገጠ። የተነከረው ቱቦ ይወደዳል። ይወደዳል የምንለው ግን ያቺ እናት ሰልፍ ላይ የያዘችውን የማዘዣ ወረቀት ሳንደምር ነው።

የአልጋው ሌላ ባለቤት

ደብተሬ ውስጥ ልጽፈው ሞክሬ ያልቻልኩት አንድ ወጪ አለ። ወንድሜ ለቀዶ ሕክምናው ተራ ሰባት ወር ጠብቋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው፤ ከዚያ በፊት በመላ አገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ሐኪሞቹ በርክተዋል፤ አልጋው ግን እንደ እነርሱ አልበረከተም። በእነዚያ ሰባት ወራት የወንድሜ የግራ ዓይን ብርሃን ቀስ በቀስ እየደከመ ሄዷል፤ ዕጢው ከወጣም በኋላ የጠፋው ሁሉ አልተመለሰም።

በአሥር ቀን መልቀቅ የነበረበትን አልጋ እኛ ሃምሳ አራት ቀን ያዝነው። በአርባ አራቱ ቀን ውስጥ ሌሎች አራት ሰዎች ሊታከሙበት ይችሉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ምናልባት እንደ ወንድሜ ዓይኑ እየደከመ፣ ስልክ ይደወልልኛል ብሎ በየማለዳው ስልኩን እያየ ነበር። ስሙን አላውቅም፤ እርሱም የወንድሜን ትራስ አያውቅም። እርሱ ስለ እኛ ኢንፌክሽን የከፈለው ምን ያህል እንደሆነ በየትኛው ዓምድ ይጻፋል? ለዚያ ሰው አንድ መስመር ትቼ «አልጋ፣ 44 ቀን» ብዬ ጽፌያለሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ እንዳትሉኝ እፈራለሁ። ለእኛ ቤት እውነት ነው፣ ዘግይቷል። ሆኖም ሆስፒታል ማለት ነገም ሌላ ሰው የሚገባበት ቤት ስለሆነ፣ የእኔ የዘገየ ሒሳብ ለሌላው የቀደመ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ብዬ ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለዚያ ወጣት ሬዚደንት ሰጠሁት። ገጾቹን ቆሞ አገላበጠ፤ አራቱ ብልቃጥ የተጻፈበት መስመር ላይ ሲደርስ ዋጋው ለምን ባዶ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ወረቀቱን አጥፎ በነጭ ጋዋኑ ኪስ ከተተው። በሌላ ጊዜ ሄጄ ሳየው ለአስታማሚዎች የሚሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛና በኦሮምኛ እያዘጋጀ መሆኑን ነገረኝ፤ ረቂቁን አነበብኩለት፤ «የሴሬብሮ ስፓይናል ፈሳሽ መፍሰስ» ከሚል «ትራሱ ከራሰ» ቢል ይሻላል አልኩት። ሰርዞ ጻፈው።

ወንድሜ አሁን አገር ቤት ነው። ተሕዋሱ አጥንቱም ላይ ደርሶ ስለነበር የራስ ቅሉን ቁራጭ አንሥተውታል፤ ከግራ ጆሮው በላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ ሲያስል ቆዳው ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ልጆቹ መጀመሪያ ይፈሩት ነበር፤ አሁን ለምደውታል፤ ትንሿ በመዳፏ ትሸፍንለታለች። ባርኔጣውን ሳያደርግ ከቤት አይወጣም፤ ኮርማ ካለበት አይደርስም። ኢንፌክሽኑ ፈጽሞ መጥፋቱ ሲረጋገጥ ቦታውን የሚሸፍን ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል ተብሎ ቀጠሮ ተሰጥቶናል። ያም በደብተሩ ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ ቀጥሎ የሚመጣ ነውና አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቱ ደውላ «እትዬ፣ ለቀጠሮው ምን ምን ይዘን እንምጣ?» አለችኝ። መቁረጫ ማሽን ከጎረቤት ተውሼ ማስቀመጤን ነገርኳት፤ ምላጭ እንዳያስነኩትም አደራ አልኳት። ትራስ ከእኔ ቤት አለ። ለእርሱ የሚሆን አራት ልብስ መርካቶ ወርጄ ገዝቻለሁ፤ ሻጩ አበባ ያለበትን ሊያሳየኝ ደጋግሞ ሲያነሣ እኔ ግን ምንም ጥልፍ፣ ምንም ቀለም የሌለበትን ነጭ አቡጀዲ አስመረጥኩት።